ላከር ከተቀባ በኋላ ስለተሰረጎደ የጊታር ፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነበው አንጀቴን በላኝ። ስንት ወር የለፋህበት ጊታር፣ ስምንተኛ እጅ ላከር (እንጨቱን የሚሸፍነው ቫርኒሽ መሰል ቅብ) ከተቀባ በኋላ፣ ሞርሳ ከእጅህ አምልጦ ፊቱ ላይ ወደቀ። «ሙሉውን ፍቄ እንደገና ልቀባው ወይስ ያቺን ቦታ ብቻ ልጠግን?» ነው ያልከው። ሙሉውን እንዳትፍቀው። ዛሬ ደግሞ ጭራሽ እንዳትነካው።

ይህን የምልህ ደርሶብኝ ስለማውቀው ነው። ሁለተኛ ጊታሬን ስሠራ ካቻቢቴ ወደቀበት። ስርጉዱ የክብሪት ጭንቅላት ቢያክል ነው። እኔ ግን በንዴት በዚያው ምሽት ብርጭቆ ወረቀት አንስቼ ዙሪያውን ማለስለስ ጀመርኩ። ስርጉዱ ሳይጠፋ ላከሩ አለቀና ባዶው እንጨት ብቅ አለ። መዳፍ የሚያክል ቦታ ተበላሸ። ካቻቢቴው ያደረሰውን ጉዳት ጥቂት ጠብታ ላከር ይደፍነው ነበር። በችኮላ ያበላሸሁትን ለማስተካከል ግን ከወር በላይ ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ውስጡን እይ። ትንሽ መስታወትና መብራት በድምፅ ቀዳዳው አስገብተህ፣ ከውስጥ የተጣበቁት ደጋፊ እንጨቶች አለመላቀቃቸውን አረጋግጥ። ከዚያ ፊቱን በጣትህ ቀስ እያልክ ምታው። የሆነ ቦታ ላይ የሚንጣጣ ድምፅ ከሰማህ፣ ከላከሩ በፊት እሱ ነው መጠገን ያለበት።

ቀጥሎ ክፍሉን አጨልምና መብራቱን ከጎን አብራበት። እንጨቱ የተጨፈለቀ ነው ወይስ የተቆረጠ? የተጨፈለቀ ከሆነ የእንጨቱ ክሮች አልተበጠሱም፣ ታምቀው ነው። ላከር ያልነካው እንጨት ቢሆን ኖሮ፣ ትንሽ እርጥብ ጨርቅ አድርገህበት በጋለ ካውያ ጫፍ ለአፍታ ብትነካው እንፋሎቱ መልሶ ያነሳልህ ነበር። ስፕሩስ (ብዙ የጊታር ፊት የሚሠራበት ለስላሳ እንጨት) ላይ ይህ ዘዴ በጣም ይሠራል። ላከር ላይ ግን አትሞክረው፤ እርጥበቱና ሙቀቱ ላከሩን ነጭ ያደርገዋል፣ ያሳብጠዋልም። ብሪጁ (የጊታሩ ክሮች ፊቱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) አጠገብ ከሆነ ደግሞ ኮላው ሊላቀቅ ይችላል።

ስለዚህ ላንተ የሚሻለው መሙላት ነው። የቀባኸው ናይትሮ ላከር (ከናይትሮሴሉሎስ የሚሠራው) ከሆነ ዕድለኛ ነህ። አዲሱ ጠብታ አሮጌውን አሟሙቶ አንድ ይሆናል። ሼላክም (በአልኮል የሚሟሟ የተፈጥሮ ሙጫ) እንደዚሁ ነው። ፖሊዩሪቴን (ፕላስቲክ መሰል ቅብ) ግን ከስር ካለው ጋር አይዋሃድም፤ የጠገንክበት ጠርዝ እንደ ቀለበት ሊታይ ይችላል።

የተሰነጠቀና ከእንጨቱ የለቀቀ ላከር ካለ በምላጭ ጫፍ አንሳው። ከዚያ በቀጭን ብሩሽ አንዲት ጠብታ ጣልበት። በቀን ከአንድ ወይም ከሁለት ጠብታ አትለፍ። ወፍራም ጠብታ ላዩ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ናይትሮ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብም፣ ዛሬ የሞላ የመሰለህ በሳምንቱ ተመልሶ ይሰረጎዳል። ከዙሪያው ትንሽ ከፍ እስኪል ሙላውና ሁለት ሦስት ሳምንት ተወው። ይህ መጠበቅ በጣም ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ጊታሩን ዓይንህ የማያየው ቦታ አስቀምጠው።

ብዙዎች «ሱፐር ግሉ ጠብ አድርግበት» ይሉሃል። ፈጣን ነው፣ ይሠራልም። ባዶ ስፕሩስ ከነካ ግን ይሰርግና የማይለቅ ጥቁር ነጥብ ይተዋል። እንጨቱ ከተገለጠ መጀመሪያ በሼላክ ዝጋው።

ደርቆ ሲያበቃ ነው ዋናው ሥራ። ምላጭ ውሰድና ግራና ቀኝ ጫፉን በቀጭን ፕላስተር ጠቅልል፤ መሃሉ ላይ ትንሽ ክፍት ቦታ ብቻ ይቅር። ፕላስተሩ ጤነኛው ላከር ላይ ይንሸራተታል፣ ክፍቱ ስለት ደግሞ ያበጠውን ብቻ ይልጣል። በጣም ቀስ ብለህ፣ ወደ ራስህ እየሳብክ። እኔ ይህን ዘዴ ያወቅኩት ከዚያ ጊታር በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለመጠገን ብዬ ላከር በስቼ አላውቅም።

የቀረችውን በ800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ በትንሽ ጠንካራ እንጨት ላይ ጠቅልለህ አስተካክላት። በጣትህ ብቻ አትፈትግ፣ ጣት መሃሉን ያጎደጉዳል። ከዚያ 1000፣ 1500፣ 2000፣ በመጨረሻ የማንጸባረቂያ ቅባት። ውሃ የምትጠቀም ከሆነ ጠብታ ብቻ ይሁን፤ ወደ ድምፅ ቀዳዳው ጠርዝም ሆነ ወደ ብሪጁ ቀዳዳዎች እንዳይገባ ተጠንቀቅ። እንጨቱ ውሃ ከጠጣ ያብጥና ላከሩን ይሰነጥቀዋል።

እንጨቱ ተቆርጦ ከሆነ ከጎን በመብራት ሲታይ ጥላው በትንሹ ሊቀር ይችላል። ለዚያ ብለህ ሳንቃውን እንዳታሳሳው። የጊታር ፊት ብዙ ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእሱ ላይ የምትቀንሰው ሁሉ ድምፁን ይነካዋል። አንዲት የተሞላች ነጥብ ግን ድምፅ አትቀይርም።

ብሩሽ ከማንሳትህ በፊት መብራቱን ከጎን አድርገህ ፎቶ አንሳና ላክልን። የቀባኸው የላከር ዓይነት ምን እንደሆነም ንገረን፤ አብረን እናየዋለን።