መልስ፦ «እማዬ መጣ» የሚለው ልጅ

እህቴ፣ ከፍኖተ ሰላም የጻፍሽውን አነበብሁ። ልጅሽ በአምስት ዓመቱ «እማዬ መጣች» በማለት ፈንታ «እማዬ መጣ» ማለቱ ስንፍና አይደለም፤ አንቺም አላጠፋሽም። ከ100 ልጆች 7 ያህሉ የቋንቋ እድገት እክል አለባቸው፤ ቋንቋ መልመድ ከእኩዮቻቸው ይልቅ ይከብዳቸዋል። ልጅሽም ከእነርሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ሌላው ልጅ የትኛው ድምፅ የትኛውን እንደሚከተል፣ «ች» ለሴት እንደምትጨመር፣ ማንም ሳያስተምረው ከሚሰማው ወሬ ይለቅማል። እክሉ ያለባቸውም ይለቅማሉ፤ ግን እጅግ ብዙ ጊዜ መስማት አለባቸው። «ች» ደግሞ የቃል ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ድምፅ ናት፤ በቀላሉ ታመልጣለች።

እባክሽ «አስተካክለህ ተናገር» አትበይው። «አዎ፣ እማዬ መጣች! አክስትህም መጣች፤ ላሟም ከመስክ መጣች» እያልሽ አሰሚው። «መጣች» የምትባለውን መለዋወጥሽ ትልቅ ነገር ነው፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር ብቻ ከተደጋገመ እርሱኑ ይሸመድዳል እንጂ ሕጉን አያገኘውም። ጆሮውንም ሐኪም ይይልሽ።