አዝማሪው ግጥሙን ከየት አመጣው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በቀደም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አዝማሪ ቤት ገብተን ነበር። ገና ከመቀመጣችን አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ መጣና አበበ የሚባለውን ጓደኛችንን በስሙና በለበሰው ቀይ ጃኬት ገጠመለት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አበበ ግን «ይሄ ተጠንቶ የመጣ ነው፤ ሰው እዚያው ቆሞ እንዲህ አይገጥምም» ብሎ ድርቅ አለ። እኔ እዚያው የፈለቀ ነው ባይ ነኝ። እስካሁን እንከራከራለን። ይፍረዱን።
መ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ ፍርዱ ላንተ ነው። አበበም ግን ዝም ብሎ አልጠረጠረም፤ የያዘው እውነት አለ።

የሰማችሁትን ግጥም ስላልጻፍክልኝ የዚያን ዓይነቱን እኔ ላቅርብ፦

ሰማዩ ጠቁሮ ደመና ከበበ፣
ቀዩን ጃኬት ለብሶ ገባልን አበበ።

የመጀመሪያውን መስመር እየው። ደመናውና አበበ ምን አገናኛቸው? መስመሩ ቤት ለመምታት የመጣ ነው። በአበበ ፋንታ ደበበ ቢገባም ያው መስመር ያገለግላል። የበሰለ አዝማሪ እንዲህ ያሉ መስመሮች በየስሙ መድረሻ አሉት። ልኩም የታወቀ ነው፤ ስድስት ቀለም («ሰማዩ» ብትል ሦስት ቀለም ነው)፣ ትንሽ እረፍት፣ እንደገና ስድስት ቀለም። ጆሮው በዚህ ልክ ስለተሠራ ቁጭ ብሎ አይቆጥርም። አበበ «ተጠንቷል» ያለው ይሄን ከሆነ ልክ ነው።

ጃኬቱስ? አበበ የዚያን ማታ ምን ለብሶ እንደሚወጣ ለአዝማሪው ማን ነገረው? ሁለተኛው መስመር እዚያው፣ ዓይናችሁ እያየ የተሠራ ነው።

ጊዜውን ከየት ያገኛል ካልክ፣ ከማሲንቆው። በስንኝና በስንኝ መሐል ያቺን ባለ አንድ አውታር ማሲንቆ ሲገዘግዝ እናንተ ታጨበጭባላችሁ፤ እሱ ያስባል። አብራው የምትዘፍን ሴት ካለች ደግሞ እሷ ስታዜም እሱ ይሠራል። ሌላ ጊዜ ስትሄዱ እጁን ትታችሁ ዓይኑን ተመልከቱ። ጋባዡ ማን ነው? ማነው ያኮረፈው? እነዚያ ሁለቱ ባልና ሚስት ናቸው ወይስ ገና እየተዋወቁ ነው? ስማችሁን ከአስተናጋጇ በጆሮው የሰማም ይሆናል። እኔን ከግጥሙ በላይ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ማን ቢነካ እንደሚስቅ፣ ማን ቢነካ እንደሚጣላ በአንድ እይታ ይለያል። ይሄን ማጥናት አይቻልም።

እኔ በልጅነቴ ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ነገሩ የገባኝ እዚያ ነው። ተማሪው ቀን ቀን ለብቻው ዛፍ ሥር ወይም አጥር ጥግ ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ የኔታም ያርማሉ። ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ባለው ጉባኤ ቃና በሚባለው ቅኔ ጀምሮ እያደገ እያደገ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው፤ በየቀኑ አዲስ ይጠበቃል። ዓመታት በዚህ ከቆየ በኋላ በበዓል ቀን ማኅሌት ላይ ቆሞ ቅኔ ሲዘርፍ ለሰሚው ድንገት የወረደለት ይመስላል። አዎ፣ ቃሉ የዚያች ሰዓት ነው። ዜማው፣ ልኩና ሰዋስዉ ግን ስንት ቆሎና ቁራሽ የተበላበት ነው። ስለዚህ «ያለ ዝግጅት ተናገረ» ተብሎ ሲደነቅ ስሰማ ደስ አይለኝም፤ የሰውየውን ድካም ያስቀራል።

አበበ አሁንም ካላመነ ሳይፈርዱበት የሚፈተንበት መንገድ አለ። አዝማሪው አጠገባችሁ ሲደርስ አንዳችሁ «ተቀበል!» በሉ። ከዚያ የራሳችሁን ስንኝ ስጡት። አምጥታችሁ የሰጣችሁትን አስቀድሞ ሊያጠናው አይችልም። እሱ ግን ወዲያው ተቀብሎ በዜማው ያስገባዋል። ስንኛችሁ አንድ ቀለም ቢያጥረው ድምፁን ጎተት አድርጎ ይሞላዋል፤ ቢበዛበት ዋጥ ያደርግለታል። ስንኙን አበበ ራሱ ይስጥ። ከቤቱ አጥንቶትም ቢመጣ ግድ የለም። ብቻ ሽልማቱን በኪሱ ይዞ ይምጣ፤ ግንባሩ ላይ የሚለጥፍለት ብር ማለቴ ነው።