የአርቴሚያ እንቁላል ለጉፒ ጫጩቶች

ጥያቄ፦ ጉፒ የሚባሉት ትናንሽ ዓሦቼ ወልደው ጫጩቶቹን 20 ሊትር በሚይዝ አኳሪየም ለብቻቸው አስቀምጫለሁ። ከውጭ አገር የመጣልኝን ደረቅ የአርቴሚያ (በጨዋማ ውሃ የሚኖር ሽሪምፕ መሰል ደቃቅ ፍጥረት) እንቁላል በየቀኑ ቆንጠር እያደረግሁ እበትንላቸዋለሁ፤ ነገር ግን ውሃው ቶሎ ይደፈርሳል፣ ቡናማ ነገር መስተዋቱ ላይ ይለጠፋል፣ ጫጩቶቹም እየሞቱብኝ ነው። ውሃውን ሳላበላሽ እንዴት ልመግባቸው?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የሚበትኑት እንቁላል ገና ምግብ አልሆነም። በአሜሪካ ዩታ ግዛት ካለው ታላቁ የጨው ሐይቅና ከመሰል ሐይቆች የሚሰበሰበው ይህ እንቁላል፣ በውስጡ ያለው ፅንስ ደርቆ ለዓመታት እንዲቆይ የሚያስችል ጠንካራ ቡናማ ቅርፊት አለው። ቅርፊቱን የጫጩት ሆድ አይፈጨውም፤ የተዋጠው አንጀት ሊደፍን ይችላል፣ ያልተዋጠው ደግሞ መስተዋቱ ላይ ይለጠፋል ወይም ሰምጦ ይበሰብሳል። ከብስባሹ የሚወጣው አሞኒያ ነው በትንሽ አኳሪየም ውስጥ ጫጩት የሚገድለው።

ስለዚህ እንቁላሉን ከአኳሪየሙ ውጭ ይፈልፍሉት። በአንድ ሊትር ውሃ 25 ግራም ያህል ጨው ይሟሙ፤ አዮዲን ያለበት የገበታ ጨው ይሠራል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንቁላል ጨምረው፣ ታቹ ተቆርጦ በተዘቀዘቀ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ፣ የአየር ፓምፑ ቱቦ እስከ ታች ደርሶ ውሃውን ያለማቋረጥ እንዲያናውጠው ያድርጉ። ሙቀቱ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ከሆነና ብርሃን ካገኘ በ24 ሰዓት ገደማ ይፈለፈላል። የአዲስ አበባ ሌሊት ግን ቀዝቃዛ ስለሆነ አጠገቡ አምፖል ካልበራ ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ዘገየ ብለው አይድፉት።

ብዙዎች ውሃ የሚያበላሹት ከዚህ በኋላ፣ ጠርሙሱን እንዳለ ሲገለብጡ ነው። ፓምፑን ያጥፉና አሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ባዶው ቅርፊት ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ያልተፈለፈለው እንቁላል ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ብርቱካናማዎቹ ሕያዋን ደግሞ ወደ ብርሃን ስለሚሄዱ በጠርሙሱ ጎን ዝቅ ብሎ በበራ መብራት ፊት ይሰበሰባሉ። ከዚያው ቦታ በቀጭን ቱቦ ስበው በጥቅጥቅ የጥጥ ጨርቅ ያጥልሏቸውና በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው ይስጧቸው፤ ጨዋማው ውሃ ወደ አኳሪየሙ መግባት የለበትም። ፓምፑ ጠፍቶ ጠርሙሱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ካቆዩአቸው ግን ታፍነው ሊሞቱ ይችላሉ።

መጠኑን የሚነግርዎ የጫጩቶቹ ሆድ ነው፤ ቆዳቸው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ሲጠግቡ ሆዳቸው ብርቱካናማ ሆኖ ይታያል። በጥቂት ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ በቀን ሦስት ጊዜ ያህል ይስጡ። አርቴሚያ ጨው በሌለው ውሃ የሚኖረው ጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለሆነ፣ የተረፈው ሞቶ ሳይበሰብስ በቱቦ ስበው ያውጡት። የያዘው ስብ በፍጥነት ስለሚያልቅም በተፈለፈለ ዕለት ቢበሉት ይሻላል።

ቅርፊቱ አስቀድሞ የተላጠ እንቁላልም ይሸጣል፣ ሳይፈለፈልም ይበላል። እኔ ግን ለጀማሪ አልመርጠውም፤ ስለማይንቀሳቀስ የጫጩቶቹን ዓይን አይስብም፣ ከሰመጠ በኋላም ፈላጊ የለውም።

አሁን ያለውን ውሃ በአንዴ አይቀይሩት። ታቹን እየሳቡ ሩቡን ያውጡና፣ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በሰፊ ዕቃ አንድ ቀን ያደረ የቧንቧ ውሃ በተመሳሳይ ሙቀት ቀስ ብለው ይተኩ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ይድገሙት። ፊልተሩ ጫጩት የማይስብ የስፖንጅ ዓይነት ይሁን። መብራት እየጠፋ ፓምፑ የሚቆምብዎ ከሆነ፣ ጥቂት እንቁላል በሰፊና ጎድጓዳ ባልሆነ ሳህን ያለ ፓምፕም ይፈለፈላል። እስከዚያው ጫጩቶቹ የተለመደውን የዓሣ ምግብ በጣትዎ እንደ ዱቄት አድቅቀው ቢሰጧቸው ይበላሉ።