ጨዋታው አልቆ እንቅልፍ እምቢ ላለው ዳኛ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሰው ነኝ። በሳምንቱ መጨረሻ የእግር ኳስ ጨዋታ አጫውታለሁ። ባለፈው እሁድ የመራሁት ጨዋታ ከእጄ ወጣ። በ70ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠሁ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተበላሸ። ተጫዋቾች ከበቡኝ፣ አሰልጣኙ ሰደበኝ፣ ሁለት ቀይ ካርድ መዘዝኩ። ቤት ገብቼ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይኸው ስድስተኛ ቀኔ ነው፣ ያቺ ቅጽበት ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ከባለቤቴ ጋርም በሆነ ባልሆነው እጋጫለሁ። ይሄ በሽታ ነው? ነገ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ተመድቤያለሁ፣ ልቅር ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሽታ አይደለም። ሰውነትዎ ገና ከሜዳ አልወጣም፣ ነገሩ ይሄ ነው።

በትልልቅ ውድድሮች አንድ የመሃል ዳኛ በአንድ ጨዋታ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። የልብ ምቱም አብዛኛውን ሰዓት ከአቅሙ ጣሪያ 85 በመቶ አካባቢ ነው። ይሄ ሩጫው ብቻ ነው። በዚህ ላይ አሥር ሰው ከቦዎት ሲጮህብዎት አድሬናሊን ይረጫል፣ ሰውነት ወይ ለመጣላት ወይ ለመሸሽ ይዘጋጃል። ተጫዋች ሲናደድ ይሮጣል፣ ይጋፋል፣ ይጮሃል፣ በዚያው ይወጣለታል። እርስዎ ግን መጣላትም መሸሽም አይችሉም፤ ፊትዎን ሳይቀይሩ፣ ድምፅዎን ሳያነሱ ቀጥ ብለው መቆም አለብዎት። የተባረረውን ተጫዋች ቁጥር ሲጽፉ እጅዎ እንዴት እንደነበር ያስታውሱ ይሆናል። ብዙ ዳኞች ያቺን ቁጥር በኋላ ራሳቸውም ማንበብ ያቅታቸዋል። መውጫ ያጣው ነገር ነው ማታ አልጋ ላይ የሚመጣው።

አድሬናሊን በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል፣ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ደግሞ ትንሽ ይቆያል። ታዲያ ስድስት ቀን ምን አቆየው? ያቺን ቅጽበት በሐሳብ ደግመው ባዩዋት ቁጥር ልብዎ እንደገና ይመታል፣ ሰውነት የአሁኑንና የትናንቱን በደንብ አይለይም። ስልክ ከፍተው የሰው አስተያየት ማንበብማ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ማስጀመር ነው። እባክዎን የጨዋታው ቀን ማታ ቪዲዮውንም አስተያየቱንም አይክፈቱ። ይቺን አንዷን ብቻ ቢሰሙኝ ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

ጨዋታው እንዳለቀ ወዲያው አይቀመጡ። 15 ደቂቃ ቀስ ብለው ይራመዱ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ይብሉ። የቀይ ካርዱን ሪፖርት መጻፍ ግዴታዎ ስለሆነ ትኩስ እያለ ይጻፉት፦ ደቂቃው፣ ቁጥሩ፣ ያዩት ጥፋት፣ የሰሙት ስድብ በቃሉ። ከዚያ ሌላ ወረቀት ያውጡና ማንም የማያየውን ይጻፉ። «አሰልጣኙ እንደዛ ሲለኝ ልጄ እየሰማ ነበር» ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ወረቀቶች አይቀላቀሉ። ሪፖርቱ ለሚመለከተው አካል ይሄዳል፣ ሁለተኛውን ቀደው መጣል ይችላሉ።

ቤት ሲገቡ ለባለቤትዎ በር ላይ ይንገሯት። «ዛሬ ከብዶኝ ነው የመጣሁት፣ ግማሽ ሰዓት ስጪኝ» ማለት በቂ ነው። ሳይነግሯት ዝም ሲሉ በእሷ የተቆጡ ይመስላታል፣ ጭቅጭቁ ከዚያ ነው የሚነሳው።

ቡና ከሰዓት በኋላ ይቅር፤ የጠጡት ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት በኋላም ደምዎ ውስጥ ነው። መጠጥም አይሞክሩ። ቶሎ ያስተኛል፣ ሌሊት ላይ ግን ይቀሰቅሳል፣ እንቅልፉም እንቅልፍ አይሆንም። ሞቅ ባለ ውሃ ይታጠቡ። አልጋ ላይ አራት እየቆጠሩ አየር ያስገቡ፣ ስድስት እየቆጠሩ ያስወጡ፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል። ማስወጣቱ ረዘም ሲል ልብን የሚያረጋጋው ነርቭ ሥራውን ይጀምራል። 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንቅልፍ ካልመጣ ይነሱ፣ ደብዘዝ ባለ መብራት ቁጭ ይበሉ፣ ሲያንቀላፋዎት ይመለሱ።

ከሁለት ቀን በኋላ ከፈለጉ ቪዲዮውን አንዴ ይዩት፣ ከተቻለ አብሮዎት ከነበረው ረዳት ዳኛ ጋር። ያኔ «ልክ ነበርኩ ወይስ ተሳስቻለሁ?» ብለው አይጀምሩ። «የት ቆሜ ነበር? ከዚያ ቦታ ምን ይታያል?» ይበሉ። ብዙ ስህተት የሚመጣው ከአቋቋምና ከማየት አንግል ነው፣ እሱ ደግሞ በልምምድ ይስተካከላል። «እኔ አልረባም» የሚለው ግን ምንም የሚስተካከል ነገር የለውም።

እንግሊዛዊው ኬን አስተን እ.ኤ.አ. በ1962 የዓለም ዋንጫ ቺሊና ጣሊያንን ሲያጫውት ጨዋታው ድብድብ ሆነ፣ ሁለት ጣሊያናውያን ተባረሩ፣ ፖሊስ ሜዳ ገባ። በ1966 ደግሞ የዳኞች ኃላፊ ሆኖ ሌላ የተበጠበጠ ጨዋታ አየ። ያንን እያሰላሰለ መኪና ሲነዳ የትራፊክ መብራቱ ቢጫና ቀይ ካርድን አሳሰበው። ካርዶቹ በ1970ው የዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ዋሉ። እርስዎ እሁድ ዕለት የመዘዙት ካርድ ጨዋታ ከእጁ የወጣበት ዳኛ ሐሳብ ነው።

አሁን ጠበቅ ያለውን ልንገርዎ። ደረት ላይ መጫን ወይም ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ከልክ ያለፈ ትንፋሽ ማጠር፣ የተዛባ የልብ ምት ካለ «ንዴት ነው» ብለው አይለፉት፣ ዛሬውኑ ይታዩ። ጭንቅላትዎን ተመትተው ከሆነና ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም ግራ መጋባት ከተከተለ እንደዚሁ። እንቅልፍ ማጣቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ፊሽካ ሲሰሙ የሚደነግጡ ወይም ሜዳው በቅዠት የሚመጣ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ አንድ ሌሊት አይደር፣ አጠገብዎ ላለ ሰው ይንገሩና አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ። ዛቻ ደግሞ ከስድብ ይለያል። በእርስዎ ወይም በቤተሰብዎ ላይ ዛቻ ካለ መተንፈስ መፍትሔው አይደለም፣ ለመደበዎት አካልና ለፖሊስ ያሳውቁ።

ስለ ነገው ጨዋታ፦ ዛሬ ማታ ደህና ከተኙ ይሂዱ። ካልተኙ ግን ጠዋት ላይ ለመዳቢው ይደውሉና ለዚህ ሳምንት በመስመር ዳኝነት እንዲያደርግዎት ይጠይቁ። ይሄ መሸሽ አይደለም። ጡንቻው የተሳበ ዳኛ እንደሚያርፈው ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ መቅረቱን ግን አልመክርዎትም፤ በቀሩ ቁጥር ሜዳው እየከበደ ይሄዳል። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዴት እንደሆኑ ይጻፉልኝ።