«ራን» ማለት ሮጠ ብቻ አይደለም፦ ለጣና ዳር ወጣት አስጎብኚዎች

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የአስጎብኚነት ሥራ ለጀመራችሁና ልትጀምሩ ላሰባችሁ ነው። ቱሪዝም ተምራችሁ የተመረቃችሁ አላችሁ። ጀልባ ላይ እየሠራችሁ እንግሊዝኛን ከእንግዳ አፍ የለቀማችሁም አላችሁ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። የገዳማቱን ሥዕሎች አንድ በአንድ ማስረዳት ትችላላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ እንግሊዝኛውን የምታጠኑበት መንገድ ነው።

ደብተሮቻችሁን አይቻለሁ። በግራ የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀኝ አንድ የአማርኛ ፍቺ፣ በመሃላቸው የእኩል ይሆናል ምልክት። ራን፣ ሮጠ። ጌት፣ አገኘ። ሰት፣ አስቀመጠ። እንዲህ እየተባለ ገጹ ይሞላል። ይህ አያያዝ ለዕቃ ስም አይከፋም። ጀልባ ጀልባ ነው፣ ደሴትም ደሴት ነው። ችግሩ ግሶቹ ጋ ሲደረስ ነው። ያውም ከባዶቹ አይደሉም፤ ሕፃን ልጅ የሚያውቃቸው አጫጭሮቹ ናቸው።

ራንን እንይ። ይህን ቃል የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። የኃይሌና የቀነኒሳ፣ የደራርቱና የጥሩነሽ አገር ልጆች ነን። ስለዚህ ራን ሲባል ቶሎ የሚታየን እግርና መም ነው። እንግዳችሁ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ደጋግሞ ራን ሲል ይውላል፤ የሚሮጥ ሰው ግን የለም።

ወደቡ ላይ «ዱ ዘ ቦትስ ራን ኦን ሳንደይስ?» ይላችኋል። እሑድ ጀልባ አለ ወይ ነው ጥያቄው። ዘግይቶ የመጣው «ሶሪ፣ አይ አም ራኒንግ ሌት» ይላል። ረፈደብኝ ማለቱ ነው፤ ቀስ ብሎ እየተራመደም ይለዋል። ጀልባው ላይ ተቀምጦ «ኢዝ ዘ ኢንጅን ራኒንግ?» ካለ ሞተሩ ተነሥቷል ወይ እያለ ነው። «ዊ ሃቭ ራን አውት ኦፍ ዎተር» ካለ ውሃ አልቆብናል። ዘጌ ላይ ቡና እየጠጣ «ሁ ራንስ ዚስ ፕሌስ?» ካለ ቤቱን የሚያስተዳድረው ማን እንደሆነ ማወቅ ፈልጓል። ብርድ የመታት እንግዳ «ማይ ኖዝ ኢዝ ራኒንግ» ካለች ሶፍት ፈልጉላት። አለ፣ ረፈደ፣ ተነሣ፣ አለቀ፣ አስተዳደረ፣ ፈሰሰ። አማርኛው ስድስት ግስ አወጣ፣ እንግሊዝኛው በአንዱ ጨረሰው።

ጢስ ዓባይን ለሚያስጎበኙ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለች። «አር ዘ ፎልስ ራኒንግ?» ይላል እንግዳው ከሆቴል ሳይወጣ። ሮጠ ብሎ ያጠና ልጅ ውሃው ፈጣን ነው ወይ የተባለ ይመስለውና «የስ፣ ቬሪ ፋስት» ይላል። እንግዳው የጠየቀው ፏፏቴው አሁን ውሃ አለው ወይ ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ጀምረዋል፤ ሁለቱም ውሃውን ከፏፏቴው በላይ ጠልፈው የሚጠቀሙ ናቸው። በ1996 ደግሞ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ ላይ የጨራጨራ ግድብ ተሠርቶ ፍሰቱ በሰው እጅ ሆነ። ከ2010 ወዲህም ብዙ ውሃ ወደ በለስ ኃይል ማመንጫ እየሄደ ከሐይቁ ይወጣል። ስለዚህ ፏፏቴው በክረምትና ከክረምቱ ማግሥት ግርማው ይታያል፣ በበጋ ይሳሳል። ይህን ሁሉ ለእንግዳው መንገር ትችሉ ነበር። ዕውቀቱ አላችሁ። ሚያዝያ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ቀጭን ውሃ ያየ ሰው ግን ቋንቋ አልገባውም ብሎ አያልፋችሁም። አታለለኝ ነው የሚለው። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው። ሐቀኛ ልጅ በአንድ ቃል ምክንያት አታላይ ይባላል።

ከዚህ የሚብስም አለ። እንግዳ «አይ ቲንክ አይ አም ራኒንግ ኤ ፊቨር» ካላችሁ ትኩሳት ሳይዘኝ አልቀረም ማለቱ ነው። አስቡት፣ ጣና ዳር የወባ አገር ነው። ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ወይም ወደ ናርጋ ሥላሴ በጀልባ ሰዓታት ይፈጃል። ታሞ ሐይቁ መሃል የደረሰን ሰው ለመመለስም ያው ሰዓት ነው። ራኒንግ የሚለውን ሰምቶ ስለ ጠዋት ስፖርት የሚያወራ መስሎት ፈገግ ብሎ የሚያልፍ አስጎብኚ እንዲኖረን አልፈልግም። እንዲሁም «አይ አም ራኒንግ ሎው ኦን ማይ ሜዲሲን» ሲባል መድኃኒቴ ሊያልቅ ነው ማለት ነው። እሱን ከሰማችሁ ጀልባው ከመነሣቱ በፊት ፋርማሲ ማድረስ የእናንተ ሥራ ነው።

አንድ ቃል ይህን ሁሉ ትርጉም ከየት አመጣው? በኦክስፎርድ የሚዘጋጀው ትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለራን፣ ያውም ለግሱ ብቻ፣ 645 ትርጉም ለይቷል። ከአዘጋጆቹ አንዱ የሆነው ፒተር ጊሊቨር ይህን አንድ ቃል ሲያጠና ዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል። ቀድሞ በትርጉም ብዛት የሚታወቀው ሰት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም 430 ትርጉም ተቆጥሮለታል። ራን የበለጠው ዓለም በማሽን ስትሞላ ነው። ወፍጮው፣ ባቡሩ፣ ፋብሪካው፣ ኋላም የኮምፒውተር ፕሮግራሙ ሁሉ «ይሮጣል» ተባለ። አዲስ ነገር በተፈጠረ ቁጥር ሰው አዲስ ቃል አላወጣም፤ ያለውን ቃል ዘረጋው።

ከቁጥሩ ይልቅ ትምህርት የሚሆነን አሠራራቸው ነው። ጄምስ መሬይ የሚባለው ዋና አዘጋጅ ሥራውን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው። የመዝገበ ቃላቱ የመጀመሪያ ክፍል በ1884 ታተመ። ሙሉው ያለቀው በ1928 ሲሆን መሬይ ከዚያ በፊት በ1915 ዐርፏል። እነዚህ ሰዎች ቁጭ ብለው ትርጉም ከራሳቸው አላፈለቁም። ብዙ አንባቢዎች በፈቃደኝነት ከመጻሕፍት ላይ ዓረፍተ ነገር እየገለበጡ፣ በትንንሽ ወረቀት ላይ እየጻፉ በፖስታ ይልኩላቸው ነበር። ወረቀቶቹ በየቃሉ ይመደባሉ። ከዚያ ተዘርግተው ይነበባሉ። የሚመሳሰሉት ወደ አንድ ወገን፣ የሚለዩት ወደ ሌላ ይደረጋሉ። ትርጉሙ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፣ ቀጥሎ ትርጉም።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የእኩል ይሆናል ደብተሩን ተዉትና የዓረፍተ ነገር ደብተር ያዙ። ቀን የሰማችሁትን ማታ ጻፉት። ቃሉን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን አነጋገር። ማን አለው፣ የት ሆኖ፣ ምን እየሆነ ሳለ። ከሥሩ እኛ በዚያ ቦታ ብንሆን ምን እንል እንደነበር በአማርኛ አስፍሩ፤ እሱንም በሙሉ ዓረፍተ ነገር። «ዱ ዘ ቦትስ ራን» ከሚለው ሥር «ጀልባ አለ?» ይጻፋል። አጭርና የራሳችን ነው። ሊረሳም አይችልም።

የሰበሰባችሁት ሲበዛ ገጾቹን ገልጣችሁ ራን ያለባቸውን ጎን ለጎን አንብቧቸው። አንድ ነገር ብልጭ ይልላችኋል። በአብዛኞቹ ውስጥ ሳይቋረጥ የሚሄድ ነገር አለ። ሞተሩ ሳይቋረጥ ይሠራል፣ ውሃው ሳይቋረጥ ይፈሳል፣ የጀልባው ጉዞ በየቀኑ ይቀጥላል፣ ቤቱ በአንድ ሰው እጅ ይንቀሳቀሳል። ይህን የያዘ ልጅ ሰምቶት የማያውቀውንም ይገምታል። «ዘ ሮድ ራንስ አሎንግ ዘ ሌክ» ቢባል መንገዱ የሐይቁን ዳር ይዞ ይሄዳል ማለት እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

አሁን «ይዞ ይሄዳል» አልኩ አይደል? ያዘን ደግሞ ተመልከቱት። ዓሣ ያዘ። ወረፋ ያዝልኝ። ጉንፋን ያዘኝ። ለነገ ቀጠሮ ይዘናል። ቂም ይዞብኛል። ልጁ ሥራ ያዘ። ተማሪው ቶሎ ይይዛል። ዝናብ ያዘን። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው ያዘ ማለት በእጅ ጨበጠ ብቻ ነው ብሎ ቢያጠና ጉንፋኑ በምን እጁ እንደጨበጠኝ ግራ ይገባዋል። እናንተ ግን አንዱንም አጥንታችሁት አታውቁም። እናታችሁ ስትናገር፣ ጎረቤት ሲናገር፣ ከነዓረፍተ ነገሩ ሰምታችሁ ነው የያዛችሁት። እንግሊዝኛም በዚያው በር ነው የሚገባው። ችሎታው አላችሁ ስላችሁ ለማጽናናት አይደለም፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ በየቀኑ ስትሠሩበት ስለማይ ነው።

ከግሱ ኋላ ለሚለጠፉት ትንንሽ ቃላት ጆሯችሁን ስጡ። ራን ኢንቱ በአጋጣሚ መገናኘት ነው። ራን ኦቨር ስለ መኪና ሲሆን ገጨ ነው፣ ስለ ስብሰባ ሲሆን ከሰዓቱ አለፈ ነው። ራን ዳውን ስለ ባትሪ ሲሆን አለቀ፣ ስለ ቤት ሲሆን ያረጀ፣ የተጎሳቆለ። የጀልባ ሰው ደግሞ ራን አግራውንድ የሚለውን ማወቅ አለበት፤ ጀልባው መሬት ነክቶ ቆመ ማለት ነው። ክረምቱ ሳይገባ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ የሐይቁ ውሃ ዝቅ ሲል ቃሉ ያስፈልጋችኋል። እነዚህን ሰባብራችሁ ለመተርጎም አትሞክሩ። ተስፋ ቆረጠ ሲባል በምን ቢላዋ ብለን አንጠይቅም፤ እንዳለ እንወስደዋለን።

አገሩም ይለያል። አሜሪካዊው ለምርጫ የሚወዳደርን ሰው ራን ያደርጋል ይላል፣ እንግሊዛዊው ስታንድ ያደርጋል ይላል። አንዱ ጋ ይሮጣል፣ አንዱ ጋ ይቆማል፣ ምርጫው ግን ያው ምርጫ ነው። እኔ ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል። ቋንቋ መማር የሚጣፍጠው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ደብተራችሁ ላይ ተናጋሪው ከየት እንደመጣ ጻፉ የምለውም ለዚህ ነው።

ስልካችሁን ተጠቀሙ፣ አልከለክልም። ግን አንድ ቃል ብቻውን አትስጡት። ለብቻው ራን ብላችሁ ብትጽፉለት የሚመልስላችሁ ሮጠን ነው፤ ሌላ ምን ያድርግ? ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን ስጡት። የመለሰላችሁን ደግሞ በዚያ ቦታ ሰው እንዲህ ይላል ወይ ብላችሁ በራሳችሁ አማርኛ መዝኑት።

አሁን ወደ ይሉኝታችን ልምጣ። እኛ ያልገባንን ነገር አልገባኝም ማለት ይከብደናል። እንግዳ ደግሞ ክቡር ነው፣ ደጋግሞ ማስለፍለፍ ነውር ይመስለናል። ስለዚህ ራሳችንን ነቅነቅ እናደርጋለን፣ «የስ» እንላለን። በዚህ ሥራ ላይ ያ «የስ» ሰው ይጎዳል። ከላይ የነገርኳችሁ ትኩሳት ያለበት እንግዳ ያመልጣችሁ የነበረው በዚያች «የስ» ነው። «ሶሪ፣ ዱ ዩ ሚን» ብላችሁ የገባችሁን መልሳችሁ ንገሩት። «ዱ ዩ ሚን ዩ አር ሲክ?» በሉት። ተሳስታችሁ ቢሆን ያርማችኋል። ትክክል ብትሆኑ እየተደመጠ እንደሆነ ያውቃል። በሥራ ዘመኔ ተደጋግሞ ተጠየቅኩ ብሎ የተቆጣ እንግዳ አላስታውስም፤ እንዲያውም ፊታቸው ይፈታል፣ ቀስ ብለው መናገር ይጀምራሉ።

ከራን ቀጥሎ ጌትን ያዙ። እንግዶች እሱንም ከአፋቸው አይነጥሉትም። ጀልባ ላይ ሲወጡ ጌት ኦን፣ ሲወርዱ ጌት ኦፍ፣ ሲገባቸው ጌት ኢት፣ ሲደክማቸው ጌት ታየርድ፣ ሲመሽ ጌት ዳርክ ይላሉ። አምስቱም ውስጥ አገኘ የሚለው ፍቺ አይገባም። ከዚያ ቴክ፣ ከዚያ ሰት፣ ከዚያ ፑት። አንዱን ሳትጠግቡ ወደ ሌላው አትሂዱ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ከሠራችሁት ደግሞ ይፈጥናል፤ አንዱ በዘጌ ጀልባ፣ አንዱ በጢስ ዓባይ መንገድ፣ አንዱ በሆቴል በር የሰማውን ቅዳሜ ማታ ተገናኝታችሁ አንብቡት።