8 ጊጋባይት ራም ይበቃኛል ወይ ላሉት ጠያቂ

ጠያቂያችን «ዊንዶውስ ሰርቨርን፣ አንድ ዊንዶውስ 10ንና አንድ ሊኑክስን በአንድ ማሽን ላይ ጭኜ ቤቴ ሆኜ ለመለማመድ ቢያንስ ምን ዓይነት ኮምፒውተር ያስፈልገኛል? 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ አለኝ» ብለዋል። ከሦስት ዓመት በፊት ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ስዞር የሚመልስልኝ አላገኘሁም ነበርና መልሱ ብዙ ገንዘብ አስወጥቶኛል።

1. ፕሮሰሰሩ አያስጨንቅዎ። አራት ኮር ያለውና ቨርቹዋላይዜሽንን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር ብዙ ኮምፒውተር ማስነሣትን) የሚያግዘውን የኢንቴል ቪቲ-ኤክስን ወይም ኤኤምዲ-ቪን የሚደግፍ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ይበቃል። የእኔው ኮር አይ5-7500 የተገጠመለት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 ነው፤ አራት ቨርቹዋል ማሽኖች ተሸክሞ ፕሮሰሰሩ ሲጨናነቅ ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ብቻ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ባዮሱን (ማሽኑ ሲነሣ የሚከፈተውን የማስተካከያ ገጽ) አስከፍተው ቨርቹዋላይዜሽን የሚለው አማራጭ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ።

2. የሚያንቀው ራም ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ከነዴስክቶፑ በ2 ጊጋባይት ይነሣል ቢባልም አዝራር ተጭኖ መጠበቅ ስለሚያሰለች 4 ይስጡት። ለዊንዶውስ 10 ሌላ 4፣ ለሊኑክሱ (ለኡቡንቱ ሰርቨር) 2፣ ቨርቹዋል ማሽኖቹን ለሚያስተናግደው ለፕሮክስሞክስ ለራሱ 2 ሲደመር 12 ይደርሳል። ስለዚህ 8 አይበቃም፤ 16 ያሠራል፤ 32 ካገኙ ሁለተኛ ዶሜይን ኮንትሮለር (የኔትወርኩን ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች የሚቆጣጠር ዊንዶውስ ሰርቨር) ጨምረው እውነተኛ ልምምድ ያደርጋሉ።

3. ራም ሲገዙ የተለጠፈበትን ጽሑፍ ያንብቡ። እኔ አላነበብኩም። ማሽኔ አራት ማስገቢያ ያለውና እስከ 64 ጊጋባይት የሚቀበል ስለሆነ በአንድ ጊዜ ልሙላው ብዬ መገናኛ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ኮምፒውተር ቤት ሄድኩ። ሻጩ ባለ 16 አራት ቁራጭ ከሌላው በግማሽ ዋጋ አውጥቶ «ይሄ የሰርቨር ሚሞሪ ነው፤ አንተስ ሰርቨር አይደል የምትሠራው?» አለኝ። ነገሩ ልክ መሰለኝና ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ስሰካው ጠቅ ብሎ ገባ፤ ማሽኑን ሳበራው ግን ስክሪኑ እንደጨለመ የማብሪያው ቢጫ መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። አንድ በአንድ እየነቀልኩ፣ ወርቃማ እግሮቹን በላጲስ እያሸሁ፣ ማስገቢያ እየቀያየርኩ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ቆየሁ። መጨረሻ ላይ ነው ተለጣፊው ላይ «ፒሲ4-2400ቲ» ከሚለው ቀጥሎ ያለችውን «አር» የምትል ፊደል ያስተዋልኩት። «አር» ማለት በሰርቨርና በአንዳንድ ወርክስቴሽን ቦርድ ላይ ብቻ የሚሠራ ሬጂስተርድ ሚሞሪ ነው፤ የእኛ ዓይነቱ የቢሮ ማሽን የሚፈልገው «ዩ»ን ሲሆን የላፕቶፑ ደግሞ «ኤስ» ነው። በዲዲአር4 «አር»ም «ዩ»ም ባለ 288 እግር ስለሆኑ ማስገቢያው ይቀበላቸዋል፤ እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነው።

በማግሥቱ ስመለስ ሻጩ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ ደረሰኜ ግርጌ ላይ ያለውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል መስመር በጣቱ ጠቆመኝ። የማሽኑን ሞዴል ነግሬህ ነበር ብለው «ሰርቨር ያልከኝ አንተ ነህ» ብሎ አፌን አስያዘኝ። እንግዲህ ማሽንዎን ተሸክመው ይሂዱ፤ እዚያው ተሰክቶ ሲነሣ ሳያዩ አይክፈሉ።

4. ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን፤ 500 ጊጋባይት ይበቃል። በተራ ሃርድ ዲስክ ሦስት ማሽን በአንድ ላይ ሲነሣ ቡና አፍልተው ሦስተኛውን ይጠጣሉ።

5. መብራትን አይርሱ። ላፕቶፕዎ ባትሪ ስላለው በዚህ በኩል ከእኔ ዴስክቶፕ ይሻላል፤ ራሙን ወደ 16 ማሳደግ የሚቻል ከሆነ ሌላ ማሽን ሳይገዙ በእሱ ይጀምሩ። እኔ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ሳልገዛ ቆይቼ ዶሜይን ኮንትሮለሩ አፕዴት ላይ እያለ መብራት ሄደና ከዚያ በኋላ አልነሣ አለኝ። እሱን ጨምሮ ሦስት ጊዜ ከዜሮ ሠርቼዋለሁ፤ ዛሬ መሥሪያ ቤታችን የሚጠቀምበትን ዶሜይን ኮንትሮለር ያለማንም እገዛ የተከልኩት በዚያ ልምድ ነው። የዊንዶውስ ሰርቨር የሙከራ ቅጂ 180 ቀን ስለሚሠራ የፈቃድ ወጪ አያሳስብዎ።

በፕሮክስሞክስ ፈንታ የቪኤምዌሩን ኢኤስኤክስአይ ካሰቡ ደግሞ የሪልቴክ ኔትወርክ ካርድ ተጨማሪ ድራይቨር ካልተጫነለት እንደማይቀበል ይወቁ፤ የኢንቴል ካርድ ያለው ማሽን ይፈልጉ። ነፃው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ሲቋረጥ እኔ ወደ ፕሮክስሞክስ ዞርኩ፤ በ2025 መልሰው ቢያወጡትም አልተመለስኩም።

አራቱ ባለ «አር» ቁራጮች አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው፤ የሚቀበላቸው ሰርቨር ያለው የቡድናችን አባል ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።