ስለ ኩሪ ፍርድ ቤት ጠይቁኝ

አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ውስጥ ፍርድ ቤት ከሚመላለሱ አቦርጅናል (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ወጣቶች ጋር እሠራለሁ። ኩሪ የሚባሉት የዚህ አካባቢ አቦርጅናሎች ናቸው፤ ኩሪ ፍርድ ቤትም የአቦርጅናሎች ጉዳይ ሽማግሌዎቻቸው ባሉበት የሚታይበት ችሎት ነው። የምትፈልጉትን ጠይቁ። ስለ አንድ ልጅ ጉዳይ ግን አላወራም። ጠያቂዎቹን በሚኖሩበት ቦታ ስም ጠርቻቸዋለሁ፤ ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሰንሻይን፦ ጋሼ፣ እዚያ የሚፈርዱት ሽማግሌዎች ናቸው አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይፈርዱም። ፍርዱን የሚሰጠው ዳኛው ነው። የአዋቂዎቹ ኩሪ ፍርድ ቤት በ2002 ሼፐርተን ላይ ተጀመረ፤ የልጆቹ በ2005 እዚሁ ሜልበርን። በተለመደው ችሎት ዳኛው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ጠበቃው ያወራል፣ ልጁ ትንፍሽ ሳይል ይወጣል። እዚህ ግን ዳኛውም፣ ከሳሹም፣ ቤተሰቡም፣ ሽማግሌዎቹም አንድ ሞላላ ጠረጴዛ ይከባሉ። ልጁ ራሱ ይናገራል። ከሽማግሌዎቹ አንዲት እናት «አያትህን አውቃቸው ነበር፤ ይሄንን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?» ካሉት፣ ለዳኛ ያልደነገጠው ልጅ አንገቱን ይደፋል። ከዚያ ደግሞ እኚያው እናት «ትምህርት ቤት ማን ያደርስሃል? ማታ የት ታድራለህ?» ይሉታል። ለእኔ የባህል ድጋፍ ማለት ይሄ ነው። ግድግዳ ላይ ሥዕል መስቀል አይደለም።

ዳንደኖንግ፦ በአጭሩ ቅጣት ማቅለያ ነዋ!

መልስ፦ አይደለም። የወሲብ ወንጀል እዚያ አይታይም። ጥፋቱን ክዶ የሚከራከርም መጀመሪያ በመደበኛው ችሎት ይከራከር።

ፉትስክሬይ፦ የእኛ ልጆችስ?

መልስ፦ አይገቡም። ለአቦርጅናልና ለቶረስ ስትሬት ደሴቶች ተወላጆች ብቻ ነው።

ፉትስክሬይ፦ እኛም እኮ ሽምግልና አለን። ያው ነው።

ሰንሻይን፦ የምን ያው ነው? የእኛ ሽማግሌ በዳይና ተበዳይን ያስታርቃል። እዚያ ከሳሹ መንግሥት ነው።

ፉትስክሬይ፦ ልጁን የሚያፍረው ሰው ፊት ማስቀመጥ ግን አንድ ነው።

ዳንደኖንግ፦ የእኛዎቹ ልጆች ሽማግሌ መች ያፍራሉ?

መልስ፦ ይሄንን ቡና ላይ ጨርሱት። እኛ እዚህ መጤዎች ነን። እነሱ በገዛ አገራቸው ልጆቻቸውን መንግሥት እየነጠቀ ወስዶባቸዋል፤ ይቅርታ የተጠየቁት በ2008 ነው። ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛ በር ሲያንኳኳ አያት ብትደነግጥ አይግረማችሁ። በእስር ላይ የሞቱ 99 አቦርጅናሎችን ጉዳይ የመረመረው ኮሚሽንም በ1991 339 ምክረ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። እስር የመጨረሻ አማራጭ ይሁን ካለ ስንት ዘመኑ!

ፐርዝ፦ ልጅ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ይከሰሳል?

መልስ፦ እንደየግዛቱ ነው። ኖርዘርን ቴሪቶሪ 12 አድርጎት ነበር፤ በ2024 ወደ 10 መለሰው። የአሥር ዓመት ልጅ! እለፉኝ፣ እናደዳለሁ።

ፐርዝ፦ እና ሽማግሌዎቹ እስከ ስንት ዓመት መፍረድ ይችላሉ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። አይፈርዱም!

ሰንሻይን፦ እኔም በዚህ ሥራ መግባት እፈልጋለሁ። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ መጀመሪያ በአካባቢሽ ያለውን የአቦርጅናሎች ድርጅት ሄደሽ አነጋግሪ። ቤተሰቡ ጋ ስትሄጂ ከእነሱ ሰው ጋር ሂጂ። ፎርሙን መኪና ውስጥ ተይው፤ ሻይ ካቀረቡልሽ ጠጪ። ልጁም ቀጠሮ ከቀረ ስልክ ብቻ አትደውዪ፤ ሄደሽ ፈልጊው።